ከፀጉር ቤቱ ፎቅ የሚኖረው ኳርተርባክ

ፖርት ሃንሰን፣ ዊስኮንሲን
ኦክቶበር 7 ቀን 1957

ለምወድህ ወንድሜ ክሌም፣

ጤናህ እንዴት ነው? የአሪዞና ደረቅ አየር ለሳንባህ ተስማማህ? እኔ ደህና ነኝ። ለሁለቱም ደብዳቤዎችህ ሳልመልስ በመቆየቴ ይቅር በለኝ። ፀጉር ቤቱ ሥራ በዝቶበት ነው ብልህ ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ጠፍቶኝ ነው።

አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው። የኳርተርባካችን የሄግማን ትከሻ ወልቋል፤ መቼ እንደሚመለስ ሐኪሙም አያውቅም። አሰልጣኝ ስትራውድ በእሱ ቦታ ኳሱን እየወረወረ ቡድናችንን እንዲመራ ያሰለፈው ከአርካንሳስ የመጣውን ልጅ፣ ዌንደል ፑኬትን ነው። አዎ፣ እሱ ከገባ ወዲህ አንድም አላሸነፍንም። አዎ፣ ትናንትም ተሸነፍን፤ ያውም በገዛ ሜዳችን።

ፀጉር ቤቱ ምን እንደሚመስል ልትገምት ትችላለህ። ሟቹ ባሌ ኤልመር በሕይወት ቢኖር በሩን ዘግቶ ይሄድ ነበር። ሥጋ ሻጩ ኦቶ ፊቱ ላይ ሳሙና ተለቅልቆም አፉን አይዘጋም።

«ያ ልጅ ኳሱን ከመጀመሩ በፊት የሚገተረው ፎቶ ሊነሣ ነው እንዴ?» ይላል።

ፖስተኛው ሌስተር «ተወው እስቲ፣ ገና እየተማረ ነው» ሲለው፣

«እኔ ቲኬት የምገዛው ትምህርት ቤት ለመርዳት አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ምላጬ ጆሮውን ለጥቂት ሳተው።

እኔን ከጠየቅኸኝ፣ ልጁ ክንድ አለው። ኳሱን ሲወረውረው አይተኸው ቢሆን በደብዳቤህ እንዲህ አትሰድበውም ነበር። ትንሽ ጊዜ ቢሰጡት ባይ ነኝ።

ፎቁን ማን ተከራየው ላልከኝ፣ አንድ ጨዋ ሰው ተከራይቶታል። ድምፁ አይሰማም፤ በረዶ ሲጥል ደረጃውን እኔ እጠርጋለሁ ብሏል። ሌላ ምን ልበልህ።

በደንብ ብላ። መስኮት ከፍተህ አትተኛ።

እህትህ ኦዲል

* * *

አሪዞና
ኦክቶበር 14 ቀን 1957

ለእትዬ ኦዲል፣

እንዴት ከርመሻል? ስለ እኔ አትጨነቂ፤ እዚህ የሳንባ ሆስፒታል ሥራችን መተኛትና መመዘን ነው። ሚዛኑ ትናንት የሚያስደስት ነገር አላለም፤ እኔም አልሰማሁትም።

«ትንሽ ጊዜ» አልሽ። ለምን? ጋዜጣው እዚህ የሚደርሰኝ ዘግይቶ ቢሆንም ማንበብ አልጠፋኝም። በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ ነው ሰዓት አባክነዋል ተብለው የተቀጡት? ኳርተርባክ ማለት እኮ ጓዶቹን ክብ አድርጎ ሰብስቦ «አንተ ወዲህ፣ አንተ ወዲያ፣ እንሂድ!» የሚል ሰው ነው። ይህ ልጅ ምን ይጠብቃል? መልአክ ወርዶ እንዲነግረው ነው?

ሄግማን ሲጫወት ፊት ለፊቱ ቆሜ የተከላከልኩለት እኔ ነኝ። ሁለት ጥርሴ እዚያ ሜዳ ላይ ነው የቀረው። አንድ ጊዜ በተሰነጠቀ ጎድን ተጫውቶ አሸንፎልናል፤ ሲናገር ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ትከሻው በፋሻ ይታሰርና ይግባ! የሄግማን አንድ እጅ ከዚህ ልጅ ሁለት እጅ ይሻላል። ይህንኑ ለፖርት ሃንሰን ጋዜጣ ጽፌያለሁ፤ ካተሙት ቆርጠሽ ላኪልኝ።

ደግሞስ ተከራይሽ ስም የለውም? «ጨዋ ሰው» ብለሽ ዘለልሽው። ልታገቢ ከሆነ ንገሪኝ፤ ከአሪዞና ሆኜ ምን አደርግሻለሁ?

ወንድምሽ ክሌም

* * *

ፖርት ሃንሰን
ኦክቶበር 23 ቀን 1957

ለክሌም፣

ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው፤ ተናድጄብሃለሁ።

ደብዳቤህ ታትሟል። አልቆርጥልህም። ይልቅ ቅዳሜ ጠዋት የሆነውን ልንገርህ። ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኦቶ ጋዜጣውን ዘርግቶ እንደ ሰባኪ ቆሞ ያንተን ቃል ያነባል። «የዚህ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ሞተር የለም፤ ባዶ ጋሪ ነው። ወደ አርካንሳስ በባቡር ጫኑልን!» ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ «ኦቶ፣ ይብቃህ» እያልኩ ነው። ፎቁና ፀጉር ቤቱ መሀል ያለው ጣውላ ስስ እንደሆነ ታውቃለህ።

የደረጃው በር ተከፈተና ዌንደል ፑኬት ወረደ።

አዎ ክሌም፣ ተከራዬ እሱ ነው። ባለፈው ኦገስት ሲመጣ ማንም የማያውቀው ተጠባባቂ ነበር፤ ክፍል ፈለገ፣ አከራየሁት። ላንተ ያልነገርኩህ ይህንኑ ፈርቼ ነው።

ልጁ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና ኦቶ አጠገብ ተራ ይዞ ተቀመጠ። ኦቶ ደነገጠ። «ግዴለም፣ አንተ ቅደም፣ አልቸኩልም» አለው። ዌንደል በእጁ «አይ፣ ያንተ ተራ ነው» የሚል ምልክት አሳየው። ከዚያ ጋዜጣውን አንሥቶ ደብዳቤህን ከላይ እስከ ታች አነበበ። በደንብ አጥፎ መልሶ አስቀመጠው። ተራው ደርሶ ስቆርጠው አንገቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ነበር። ጨርሼ ጨርቁን ሳነሣለት ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ወጣ። ያለ አንድ ቃል።

በሩ ሲዘጋ ኦቶ «ደግሞ ኩራቱ! አፉን እንኳ መክፈት ይጠየፋል» አለ።

አፉን ለምን እንደማይከፍት እኔ አውቃለሁ። ግን ነገሩ የእኔ አይደለም፤ ለማንም አልነግርም ብዬ ቃል ሰጥቼዋለሁ። በማግስቱ አንድ ሰው የፀጉር ቤቴን የመስኮት መስታወት በሳሙና «ባቡሩ ይጠብቃል» ብሎ ጽፎበት አገኘሁ። ዌንደል ቀድሞኝ ተነሥቶ ሲያጥብ ደረስኩ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። የደብዳቤህ ሁለተኛ ገጽ ለምንድን ነው በሌላ ሰው እጅ የተጻፈው?

ኦዲል

* * *

አሪዞና
ኖቬምበር 1 ቀን 1957

ለእትዬ፣

መጀመሪያ ይቅርታ። ልጁ ስለ ሰማው አዝናለሁ። ሰው እራቱን በልቶ በሚተኛበት ቤት ወለል ሥር መሰደብ የለበትም። መስታወትሽ ላይ የጻፈውን ሰው ብታውቂው ስሙን ላኪልኝና ስድብ ምን እንደሆነ በደብዳቤ አስተምረዋለሁ።

ስለ ጻፍኩት ግን አላዝንም፤ እውነቱን ልንገርሽ። ያ ቡድን የዌንደል ብቻ አይደለም። እዚያ ሜዳ ላይ ዕድሜያቸው እየገፋ ያለ፣ ይህ ዓመት ካለፈ ዋንጫ የማያዩ ሰዎች አሉ። የወረቀት ፋብሪካው ወንዶች ሳምንቱን ሙሉ ተቃጥለው እሑድን ነው የሚጠብቁት። አንድ ልጅ እስኪለምድ እነዚህ ሁሉ ይሸነፉ ማለት ደግነት ነው ትያለሽ? እኔ አልልም። ቦታው የሚገባው ለሚሠራበት ነው።

«አፉን ለምን እንደማይከፍት አውቃለሁ» ያልሽውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ልጁ ታሟል? ታሞ ከሆነ በይ። ስለ በሽታ ከዚህ ክፍል ሰዎች የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ አፋችንንም እንዘጋለን።

ሁለተኛውን ገጽ የጻፈልኝ ጎረቤት አልጋ ላይ ያለው አበርናቲ ነው። እጄ ዝሎ ነው። ሌላ ነገር የለም።

ክሌም

* * *

ፖርት ሃንሰን
ኖቬምበር 9 ቀን 1957

ለምወድህ ክሌም፣

ደብዳቤህን ለዌንደል አሳየሁት። ሁሉንም፣ «ቦታው የሚገባው ለሚሠራበት ነው» ያልከውንም። ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝና «ይ… ይ… ይጻፉለት፣ እሜቴ» አለኝ። «ልክ ነው የሚናገረው።»

አሁን ገባህ? ልጁ ይንተባተባል ክሌም። ከእኔ ጋር ወጥ ቤት ተቀምጦ ሲያወራ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ ግን አሥር ሰው አጎንብሶ አፍ አፉን ሲያየው፣ ሰዓቱም ሲሮጥ፣ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይቀረቀራል። ምን መጫወት እንዳለባቸው ያውቃል፤ ከሁሉም ቀድሞ ያየዋል። ግን መናገር አይችልም። «ቀ… ቀ…» ሲል ዳኛው ያፏጭና ወደ ኋላ ይመልሷቸዋል። ጓዶቹ አንዳንዶቹ ይስቃሉ፤ አንዳንዶቹ ከመሳቅ የባሰ ዝም ይላሉ። አሰልጣኙ ያውቃል፤ መንተባተቡ ይለቅቀዋል ብሎ ሲጠብቅ ነበር። አሁን ግን ትዕግሥቱ አልቋል። ከሁለት እሑድ በኋላ የሚደረገው ጨዋታ የመጨረሻ ዕድሉ ነው፤ ካልሆነ ከሌላ ቡድን ሰው አስመጣለሁ ብሏል።

ፀጉር ቤቱ ይህን አያውቅም። ዌንደል «ሞኝ ነው ይበሉኝ፣ ሲያዝኑልኝ ከማይ» ይላል።

የሚያሳዝነኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጠዋት ጠዋት ሲላጭ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይዘምራል። አንድም ቃል አይያዘውም፤ እንደ ወንዝ ነው የሚወርደው። ኦቶ እንኳ ማን መሆኑን ሳያውቅ «ሬድዮ ገዛሽ እንዴ?» አለኝ።

እጅህስ እንዴት ሆነ? «ሌላ ነገር የለም» ስትል ልጅ ሆነህ መስኮት ሰብረህ የምትለውን ትመስላለህ።

ኦዲል

* * *

አሪዞና
ኖቬምበር 13 ቀን 1957

እትዬ!

ሰላምታውን ተይው። ይህ በአየር ፖስታ ነው፤ አበርናቲ ነው ቴምብሩን የሰጠኝ።

ይዝፈነው!

ፋብሪካ አብሮኝ የነበረውን ጉስን ታስታውሺዋለሽ? ስሙን ለመናገር ሩብ ሰዓት የሚፈጅበት ሰው ነበር። ግን ቢራ ሲያዝ በዜማ፣ ከአለቃው ጋር ሲጣላ በዜማ፣ ሚስቱንም የጠየቃት በዜማ ነው። ዘፈን ላይ ምላስ አይያዝም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን አይቻለሁ። ልጁ ትእዛዙን ለምን አይዘምረውም? «ቀኝ ሠላሳ አራት» የሚለውን በመዝሙሩ ዜማ ያውርደው! አሥር ሰው አጎንብሶ ነው የሚሰማው፤ ሌላ ማን ይሰማል?

ይስቃሉ ትያለሽ። መጀመሪያ ይስቃሉ። ለዚህ ሄግማንን ጥሪው። ክሌም ለምኖሃል በይው፤ የሚስቁትን ዝም ማሰኘት ያውቅበታል። ዌንደልን ግን ሳትጠይቂው ለማንም እንዳትነግሪ።

እንዳትሳሳቺ፣ ሄግማን ቢድን እሱ ነው መጀመር ያለበት ባይ ነኝ አሁንም። ግን አንድ ሰው እያወቀው አፉ ላይ በቀረ ነገር ሲባረር ማየት አልፈልግም።

ለጥቂት ሳምንት ደብዳቤ ብታጪ አትደንግጪ፤ ክፍል እየቀየሩኝ ነው።

ክሌም

* * *

ፖርት ሃንሰን
ዲሴምበር 9 ቀን 1957

ለአንተ ለውሸታሙ፣ ለምወድህ ወንድሜ፣

«ክፍል እየቀየሩኝ ነው»! ደብዳቤ ሲጠፋ ለሆስፒታሉ ስልክ ደወልኩ። ነርሷ «ቀዶ ጥገናው በደህና አልቋል፤ የግራ ሳንባውን ግማሽ አውጥተንለታል» አለችኝ፣ እንደማውቅ አድርጋ። ስልኩን ይዤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ዌንደል ሮጦ ወርዶ ውኃ ሰጠኝ። እኔ ተከራይ ደበቅኩህ፣ አንተ ግማሽ ሳንባ ደበቅኸኝ! ስትመጣ እንተሳሰባለን። ነርሷ ደብዳቤ ማንበብ ትችላለህ ስላለችኝ ሁሉንም እጽፍልሃለሁ፤ አንተ ሳትናገር ተኝተህ ስማ።

ዌንደልን ስጠይቀው መጀመሪያ ሣቀ። ቀጥሎ አለቀሰ፤ በኋላ ለሄግማን እንድነግረው ፈቀደልኝ። በማግስቱ ሄግማን ፀጉሩን ሊቆረጥ መጣ፤ ክንዱ አሁንም በፋሻ ታስሯል። ሰው ሲወጣ ጠብቄ ያልከውን ነገርኩት። ለካ ስለ መንተባተቡ ሁሉንም ያውቃል፤ ከዳር ተቀምጦ ሲያይ ከርሟል። «ክሌም ነው ያሰበው?» አለኝ። «ያ በግንባሩ ብቻ የሚያስብ ክሌም?»

ልምምድ ላይ የሆነውን ራሱ ሄግማን ነው የነገረኝ። ዌንደል ክቡ መሀል ገብቶ ዐይኑን ጨፍኖ «ቀኝ ሠላሳ አራት፣ በሁለት» ብሎ በመዝሙሩ ዜማ አወረደው። ቃሉ አልተያዘም። ሰዎቹ ግን መሬት ላይ እስኪንከባለሉ ሳቁ። ሄግማን ከዳር ተነሥቶ በታሰረ ክንዱ ክቡ ውስጥ ገባ። አጎነበሰና በዚያ በሬ በሚመስል ድምፁ «ቀኝ ሠላሳ አራት፣ በሁለት» ብሎ መልሶ ዘመረለት። ከዚያ ቀና ብሎ «አሁን የሚስቅ ካለ በእኔ ይሳቅ» አለ። ማንም አልሳቀም። ቆይቶ ግዙፉ መሀል ተከላካይ «ዜማው ትንሽ ዝቅ ቢል ለእኔ ይመቸኝ ነበር» አለ፤ በቃ፣ ሁሉም ተቀበለው።

ያን እሑድ አሸነፍን። ቀጥሎም አሸነፍን። ትናንትም! አንድም ጊዜ ሰዓት አባክናችኋል አልተባሉም። ተጋጣሚዎቹ ክቡ ውስጥ መዝሙር ሲሰሙ ሰክረው ነው የመጡት ብለው ለዳኛ ከሰሱ አሉ። ምስጢሩ ከተማውን አዳረሰው። ዌንደልም «አ… አሁን ግዴለም፣ እሜቴ» አለኝ።

ኦቶ? ኦቶ ከመጀመሪያው «ያ ልጅ ክንድ አለው» ያለው እሱ እንደሆነ ይምላል። ሌስተር ሣቁን መቆጣጠር አቅቶት ፖስታ ቦርሳውን ረስቶ ወጣ።

አሁን ደግሞ አዲስ ጭቅጭቅ መጣልህ። በጭንቅ ለዋንጫው ደርሰናል፤ ጨዋታው ዲሴምበር 29 እዚሁ ሜዳችን ላይ ነው። የሄግማን ትከሻ ደግሞ ድኗል! ግማሹ ከተማ «ለዋንጫ የተፈተነ ሰው ነው የሚያስፈልገው» ይላል። ግማሹ «ያመጣን ይጨርሰው» ይላል። ባልና ሚስት የተኳረፉበት ቤት አለ። አሰልጣኙ ገና አልወሰነም። አንተስ? አሁን እውነቱን ንገረኝ፤ ጓደኛህ ነው፣ አውቃለሁ።

ኦዲል

* * *

አሪዞና
ዲሴምበር 20 ቀን 1957

ለእትዬ፣

ገና ቶሎ ስለምደክም አጭር ነው። ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ ብትሰሚ ባቡር ተሳፍረሽ እንደምትመጪ ስለማውቅ ነው የደበቅኩሽ።

ጥያቄሽ ከበደኝ። ሄግማን ጓደኛዬ ስለሆነ ቀጥታ ለእሱ ጻፍኩለት። መልሱ ትናንት ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፦ «ክሌም፣ ትከሻዬ ድኗል፤ ልጫወት ብል እችላለሁ፤ መጫወትም እፈልጋለሁ፤ ሌሊት ሌሊት እያለምኩት ነው። ግን አሥራ አራት ዓመት በዚያ ክብ ውስጥ ቆሜ እነዚህ ሰዎች አንድን ሰው እንዲህ ሲያዳምጡት አላየሁም። እኔን እንኳ። ለስትራውድ ልጁ ይጀምር ብዬዋለሁ። አንተም አፍህን ዝጋ።»

አፌን እንድዘጋ ያለኝን አልሰማሁትም። ለጋዜጣው ሁለተኛ ደብዳቤ ልኬያለሁ። ቦታው ለሚሠራበት ነው ብዬ ነበር፤ ልጁ ሠርቶበታል። ይጀምር።

ይህንን ኦቶ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ በሩንም ከፍታችሁ።

ክሌም

* * *

አሪዞና
ጃንዋሪ 5 ቀን 1958

ለምወድሽ እትዬ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አንቺ ሜዳው ውስጥ ሆነሽ ያየሽውን ጽፈሽልኝ «እናንተስ እዚያ ምን ሰማችሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ልንገርሽ።

የዋንጫው ጨዋታ ለመላው አገር በሬድዮ ስለ ተላለፈ ሬድዮኑን ክፍላችን መሀል አስቀመጡልን። ከሌላ ክፍል መራመድ የሚችለው ሁሉ ብርድ ልብሱን ለብሶ መጣ፤ የማይችለውን በተሽከርካሪ ወንበር አመጡት። ሁሉንም ነግሬያቸው ነበር፤ ስለ ፎቁ፣ ስለ ጣውላው፣ ስለ መዝሙሩ። ስለዚህ ከዊስኮንሲን የመጣው እኔ ብቻ ብሆንም የዌንደል ደጋፊ ያልሆነ ሰው አልነበረም። አበርናቲ፣ የኬንታኪው፣ ስለ ኳስ ምንም የማያውቀው ሰው፣ «አሁን እየዘመሩ ነው? አሁንስ?» እያለ አደረቀኝ።

በዕረፍት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርተን ስንሄድ «ሄግማንን አስገቡት!» የሚለው ጩኸት እስከዚህ ድረስ ተሰማ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም በሆዴ አልኩት። አሰልጣኙ አልሰማንም፤ ተመስገን።

የመጨረሻውን ኳስ አንቺ አይተሽዋል፤ እኛ የሰማነው ጩኸቱን ነው። የሬድዮው ሰው ድምፅ ተዋጠ፤ ማን እንደያዘው፣ መስመሩን አለፈ አላለፈ ሳናውቅ እርስ በርስ ተያየን። ከዚያ «አለፈ! ፖርት ሃንሰን!» ሲል አበርናቲ አልጋዬ ላይ ወጣ።

አንቺ ግን ስለ ሌላው ነው የጠየቅሽኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለሆነው። የሬድዮው ሰው ሜዳው መሀል ዌንደልን አግኝቶ ማይክራፎኑን አስጠጋለትና «ዌንደል፣ ለመላው አገር ምን ትላለህ?» አለው።

ምንም።

እትዬ፣ ሬድዮው ጸጥ አለ። መጀመሪያ ከኋላው የሕዝቡ ጫጫታ ይሰማ ነበር። ቀስ በቀስ እሱም ዝቅ አለ። አንቺ እንደጻፍሽልኝ ኦቶ ወንበር ላይ ቆሞ «ዝም በሉ! ሊናገር ነው!» እያለ ሕዝቡን ዝም ያሰኘው ያን ጊዜ ነበር መሰለኝ። እዚህ ነርሷ «ሬድዮው ተበላሸ» ብላ ቁልፉን ልታዞር እጇን ዘረጋች።

«አትንኪው!» አልኩ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት ያኔ ነው። «አልተበላሸም። እየመጣ ነው።»

ሁላችንም ጠበቅን። ሳል የያዘው ሳሉን ያዘ። ልጁ ሊዘምረው ይችል ነበር፤ ቀላል ነበር። ግን አልዘመረም። ለብቻው፣ አገር እየሰማው፣ ቃሉን ከጉሮሮው ይጎትት ጀመር።

«አ…» አለ። ቆመ። «አ… አሸ…»

አበርናቲ እጄን ጨብጦ ሊሰብረው ደረሰ።

«አሸነፍን» አለ ዌንደል።

በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ሙሉ ሳንባ ያለው በሽተኛ አልነበረም፣ እትዬ። ግን ነርሷ እንደነገረችኝ፣ ጩኸታችንን ሰምቶ የሆስፒታሉ ዘበኛ ከውጭ በር ሮጦ መጣ፤ እሳት የተነሣ መስሎት ነው።

ወንድምሽ ክሌም